ነጭ ቆብ፣ ቀይ ገበር፦ ስለ ነርስ አሻንጉሊቶችና ስለ ምስጋና

በሜይ 2020 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ጠቅላላ ሆስፒታል አንድ ሥዕል ተሰቀለ። ሠዓሊው ማንነቱን ደብቆ በየአገሩ ግድግዳ የሚሥለው ባንክሲ ነው። ሥዕሉ ላይ አንድ ትንሽ ልጅ ተንበርክኮ በአሻንጉሊት ይጫወታል። አጠገቡ ቅርጫት አለ። ቅርጫቱ ውስጥ ባትማንና ስፓይደርማን ተጥለዋል፤ ዘመናቸው አልፏል። ልጁ በእጁ ይዞ ሽቅብ የሚያበራት አሻንጉሊት ነርስ ነች። ቆብ አድርጋለች፣ አፏን በጭንብል ሸፍናለች፣ ካባዋ በነፋስ ይውለበለባል። ሥዕሉ በሙሉ በጥቁርና በነጭ የተሠራ ሲሆን ቀለም ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽርጧ ላይ ያለው ቀይ መስቀል።

ሥዕሉ በማርች 23 ቀን 2021 በክሪስቲስ ጨረታ ቀርቦ 16.8 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አወጣ። ገንዘቡ ለጤና አገልግሎቱ በጎ አድራጎት ሥራ እንዲውል ተደረገ። እዚህ ላይ ባንክሲን ማማት አይቻልም፤ ሰውዬው ሰጥቷል። ግን በዚያው በማርች ወር የእንግሊዝ መንግሥት ለነርሶች ያሰበው የደሞዝ ጭማሪ ስንት ነበር ቢባል፣ ከመቶ አንድ! ከዓመት በፊት ሕዝቡ ከማርች 26 ቀን 2020 ጀምሮ ለዐሥር ሳምንት ሐሙስ ሐሙስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ በየደጃፉ ወጥቶ አጨብጭቦላቸው ነበር። ጭማሪው ኋላ ላይ ወደ ሦስት ከመቶ ከፍ ቢልም ነገሩ አልበረደም። በዲሴምበር 2022 በ1916 የተመሠረተው የነርሶቹ ማኅበር በእንግሊዝ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የሥራ ማቆም አድማ መታ።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ የታሪክ ተማሪ ስለ አሻንጉሊት ምን ያገባዋል እንዳትለኝ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው። አንድ ኅብረተሰብ አንድን ሠራተኛ ሲያመሰግን አሻንጉሊት አድርጎ ይሠራዋል፣ ከመደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ለልጁ ይገዛለታል። ይሄ ምስጋና ምን ዓይነት ምስጋና ነው? ደሞስ የባንክሲዋ ነርስ ለምን ቆብና ካባ ለበሰች? በ2020 በእንግሊዝ ሆስፒታል እንዲያ ለብሶ በሽተኛ የሚያነሳ ነርስ አልነበረም። ልብሱ ከሆስፒታሉ ከወጣ ቆይቷል፤ ከአሻንጉሊቷ ላይ ግን አልወረደም።

ከልብሱ እንጀምር። የነርስ ቆብ ዘሩ የመነኮሳይት ሻሽ ነው። በአውሮፓ በሽተኛን ማስታመም ለብዙ መቶ ዓመታት የገዳም ሴቶች ሥራ ነበርና ሥራው ወደ ዓለማውያን ሲሻገር ሻሹ እየጠበበና በስታርች እየደረቀ ቆብ ሆነ። እኛ አገር ነርሷን «ሲስተር» የምንላት ከየት እንደመጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያው ነው፤ እኅት መነኩሲቷ ናት። ቆቡ ቀርቶ ስሙ ቀረልን። ወንዱን ነርስ ግን ምን ብለን እንደምንጠራው ዛሬም አልጨረስንም፤ «ወንድም» አንለው፣ «ብራዘር» አንለው። አብዛኛው ሰው ነጭ ጋውን ካየ «ዶክተር» ብሎ ይገላገላል።

መነኩሲቷ ከሄደች በኋላ፣ ቆቧ ከመምጣቱ በፊት፣ በእንግሊዝ አገር የነርስ ስም የከፋ ነበር። ቻርልስ ዲከንስ በ1843 እና 1844 «ማርቲን ቸዝልዊት» በተባለው ልብ ወለዱ ሳራ ጋምፕ የምትባል አስታማሚ ፈጠረ፤ ጠጪ፣ ግድ የለሽ፣ ከትልቅ ጃንጥላዋ ጋር የምትዞር ሴትዮ። ጃንጥላዋ በጣም ከመታወቁ የተነሳ «ጋምፕ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ የጃንጥላ ቅጽል ስም እስከመሆን ደረሰ። ሮያል ዶልተን የተባለው የሸክላ ፋብሪካም በ1930ዎቹ የጋምፕን ፊት ማንቆርቆሪያ አድርጎ ሸጦታል። ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ ይገዙታል።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በኖቬምበር 1854 ሠላሳ ስምንት ሴቶችን አስከትላ ኢስታንቡል ማዶ ስኩታሪ ወደሚገኘው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ስትገባ ይሄ የጋምፕ ስም ትከሻዋ ላይ ነበር። የክሪሚያ ጦርነት ነው። ወታደሩን ከቁስሉ ይልቅ በሽታው ይጨርሰው ነበር። የሠራችውን እዚህ አልዘረዝርም፣ ሁላችንም ከትምህርት ቤት እናውቀዋለን። እኔ የምፈልገው የሸክላውን ነገር ነው። ገና ጦርነቱ ሳያልቅ የስታፎርድሺር ሸክላ ሠሪዎች «ሚስ ናይቲንጌል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንንሽ ምስል አውጥተው መሸጥ ጀመሩ። ሠሪዎቹ መልኳን አያውቁትም፤ እሷ ራሷ መሣልም መታየትም አትወድም ነበር። በ1856 ወደ አገሯ ስትመለስ አቀባበሉን ሽሽት «ሚስ ስሚዝ» በሚል ስም ነበር የተጓዘችው። እሷ ስሟን ደብቃ በምትሄድበት አገር የሸክላ ምስሏ ግን በየድሃው ቤት ምድጃ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

መብራቷንም ተመልከቱ። በሥዕሉም በሐውልቱም እንደ ተረቱ አላዲን ኩራዝ ጆሮ ያለው የዘይት መብራት ይዛ ትታያለች። በእውነቱ የያዘችው እየታጠፈ የሚዘረጋ የቱርክ ፋኖስ ነበር። ቱርኮቹም ፋኖስ ነው የሚሉት፣ እኛም ፋኖስ ነው የምንለው፤ እንግሊዞቹ ብቻ ናቸው የሳቱት። ከመብራቱ የከፋው ስሕተት ግን እጇ ላይ ያልተሣለው ነገር ነው። ይቺ ሴት በ1858 የለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆና የተመረጠች፣ የሟቾችን ቁጥር በክብ ሠንጠረዥ ሥላ ለመንግሥት ያቀረበች ነበረች። ከብዕር ይልቅ ኩራዝ ለሸክላ ይመቻል መሰለኝ።

ለምስጋናው ግን ፍርድ መስጠት ያለብን በሸክላው ብቻ አይደለም። በኖቬምበር 1855 በስሟ መዋጮ ተከፈተ፤ ከ44,000 ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ፤ ወታደሮቹ ሳይቀሩ ከደሞዛቸው አዋጡ። በዚያ ገንዘብ በ1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይሄንን ዓይነት ምስጋና እኔ እቀበላለሁ። በነገራችን ላይ ከዚያው ጦርነት የተመለሰች ሌላ ሴት ነበረች፤ ጃማይካዊቷ ሜሪ ሲኮል። በራሷ ገንዘብ ተጉዛ ባላክላቫ አጠገብ ቤት ከፍታ ወታደር ያበላችና ያከመች ጥቁር ሴት ናት። በ1881 ሞተች፤ በዚያው በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ግቢ ሐውልቷ የቆመው በ2016 ነው። ልዩነቱን ራሳችሁ ቀንሱት።

ወደ ሆስፒታልነት የተለወጠ ምስጋና እኛም አገር አለ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው ታላቁ የሕፃናት ሆስፒታል፣ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት፣ የነርስነት ሙያ ተምረው በ1939 ተመረቁ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ያንን ቆብና ሽርጥ ለብሰው የሕፃን አልጋ አንጥፈዋል። በ1942 ነቀምት ላይ በ22 ዓመታቸው ሲሞቱ ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር መዋጮ አስተባበረች፤ በ1951 አዲስ አበባ ላይ በስማቸው ሆስፒታል ተከፈተ። ስሙ ኋላ ተቀይሮ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ቢባልም ቤቱ አለ፣ በሽተኛ ይተኛበታል።

አሁን ወደ ዋናዎቹ አሻንጉሊቶች እንምጣ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቀይ መስቀል ያለበት ሽርጥ የለበሱ አሻንጉሊቶች በአውሮፓም በአሜሪካም በዙ፤ ወንዱ ልጅ የቆርቆሮ ወታደር ሲሰጠው ሴቷ ልጅ የምታክመውን ሴት ተሰጣት። እሱን አልፈዋለሁ። ማለፍ የማልችለው የካናዳዎቹን አምስት እኅትማማቾች ታሪክ ነው።

በሜይ 28 ቀን 1934 ኦንታርዮ ውስጥ ዲዮን ከሚባል ድሃ ገበሬ ቤት አምስት ሴት ልጆች ባንድ ጊዜ ተወለዱ። ሁሉም ተረፉ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አልታየም። የኦንታርዮ መንግሥት በ1935 በሕግ ልጆቹን ከወላጆቻቸው ወስዶ ሞግዚታቸው ሆነ። ከወላጆቻቸው ቤት ፊት ለፊት ልዩ ሕንፃ ተሠራላቸውና በዶክተር ዳፎ የበላይነት ነጭ የለበሱ ነርሶች ያሳድጓቸው ጀመር። ሕዝብ በገፍ እየመጣ ልጆቹ ሲጫወቱ በመጋረጃ ከለላ ያያቸው ነበር፤ በአጠቃላይ ወደ ሦስት ሚሊዮን ሰው እንደጎበኛቸው ይነገራል። ማዳም አሌክሳንደር የተባለው የኒውዮርክ ድርጅት ወዲያው አምስቱን አሻንጉሊት አድርጎ ሸጠ። የሐኪሙንና የነርሷንም አሻንጉሊት አከለበት። ሰብሳቢዎች ዛሬ አምስቱን ከነነርሷና ከነሐኪሙ ሳይጎድል ለማግኘት ብዙ ይደክማሉ። ከነእናቷ ግን አይሟላም። በጨዋታው ውስጥ እናትየዋ ቦታ አልነበራትም፤ ነጭ ቆቡ ተክቷታል። እዚያ ቤት የሠሩት ነርሶች ልጆቹን ይወዷቸው ይሆናል፤ ቢሆንም ቆቡ ሁልጊዜ የምሕረት ምልክት ብቻ እንዳልነበረ ይቺ የአሻንጉሊት ስብስብ ትመሰክራለች። በሕይወት የቀሩት ሦስቱ እኅቶች በ1998 ከኦንታርዮ መንግሥት አራት ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ካሣ አገኙ።

በ1959 በኒውዮርክ የመጫወቻ ዐውደ ርዕይ ላይ ባርቢ ቀረበች። ማቴል የተባለው ድርጅት የሚሸጣት ይቺ ቀጭን ወጣት አሻንጉሊት ልብሷ ለብቻው ይገዛ ነበር፤ በ1961 «የተመዘገበች ነርስ» የሚል ልብስ ወጣላት። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ስሙት፦ ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ቆብ፣ ገበሩ ቀይ የሆነ ጥቁር ሰማያዊ ካባ፣ መነጽር፣ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ ማንኪያ፣ የሙቅ ውሃ ከረጢትና ... ዲፕሎማ! ጥፍር የምታህል የተጠቀለለች ወረቀት። እኔን የገረመችኝ እሷ ናት። ለስድስት ዓመት ልጅ መጫወቻ የሠራው ሰው ነርስ የተማረች መሆኗን አልረሳም። ትልልቆቹ ስንት ጊዜ ይረሱታል! ነርስ ማለት መርፌ የሚወጋ፣ ፖፖ የሚያቀብል፣ ለሐኪሙ «እሺ» የሚል ብቻ የሚመስለው ምሁር በየሠፈሩ ሞልቷል።

በሌላ በኩል ደሞ የባርቢ እግር ያኔ የተሠራው ለታኮ ጫማ ብቻ ነበር፤ ተረከዟ መሬት አይነካም ነበር። ዐሥራ ሁለት ሰዓት የሌሊት ተራ ቆሞ ያደረ ሰው ይሄን ቢያይ ምን ይላል? በ1963 ደሞ ለወንዱ አሻንጉሊት ለኬን የሐኪም ልብስ ወጣ። እሱ ሐኪም፣ እሷ ነርስ። ለባርቢ የቀዶ ጥገና ሐኪም ልብስ የወጣላት በ1973 ነው። ዕቃ ዕቃ ስንጫወት ማን ሐኪም፣ ማን በሽተኛ እንደሚሆን የተጣላን ሁሉ ይሄ ተራ ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኔ የምትበልጥብኝ በ1969 የወጣችው ጁሊያ ናት። ከ1968 እስከ 1971 በአሜሪካ ቴሌቪዥን «ጁሊያ» የሚባል ተከታታይ ድራማ ይታይ ነበር፤ ዳያን ካሮል የምትባል ጥቁር ተዋናይት ባሏ ቬትናም ላይ የሞተባትን፣ ልጇን ለብቻዋ የምታሳድግ ነርስ ሆና ትሠራበታለች። ከዚያ በፊት ጥቁር ሴት በአሜሪካ ቴሌቪዥን አብዛኛውን ጊዜ የምትታየው የቤት ሠራተኛ ሆና ነበር። ማቴል ይቺን ነርስ ነጭ ዩኒፎርሟን አልብሶ አሻንጉሊት አደረጋት። ድራማው ኑሮን አለስልሶ ያሳያል ተብሎ በጊዜው ብዙ ተወቅሷል፤ ወቀሳውም እውነት አለው። ሆኖም ጥቁር ልጅ በገና ዋዜማ ሳጥን ከፍታ እሷን የምትመስል፣ የተማረች፣ ደሞዝተኛ ሴት ማግኘቷ በዚያ ዘመን ትንሽ ነገር አልነበረም።

ቬትናም ከተነሣ ዘንድ ስለ አንዲት ያልታደለች አሻንጉሊትም እናንሣ። ሃስብሮ የተባለው ድርጅት ጂ.አይ. ጆ የሚባል የወታደር አሻንጉሊት ለወንዶች ልጆች ይሸጥ ነበር፤ «አሻንጉሊት» የሚለው ስም እንዳይነሳበት የሚጠነቀቁለት ጀግና ነው። በ1967 አንዲት ነርስ ጨመሩበት። አልተሸጠችም። ወንዶቹ ልጆች ሴት አሻንጉሊት አንነካም አሉ፤ ሴቶቹ ልጆች ደሞ በወታደር መደርደሪያ በኩል አያልፉም። ብዙም ሳይቆይ ተቋረጠች። ዛሬ ከዚያ የወታደር ቤተሰብ ውስጥ እንደ እሷ የሚፈለግና ውድ የሆነ ጥቂት ነው፤ ሳጥኗ ሳይከፈት ከተገኘማ ሰብሳቢው አበደ ማለት ነው።

ይሄ ሲሆን እውነተኛዎቹ የት ነበሩ? በቬትናም ጦርነት ወደ 11,000 የሚሆኑ አሜሪካውያን ሴቶች እዚያው አገር ድረስ ዘምተዋል፤ አብዛኞቹ ነርሶች ናቸው። በዋሽንግተኑ የሙታን መታሰቢያ ግድግዳ ላይ የስምንት ሴቶች ስም ተጽፏል፤ ስምንቱም ነርሶች ነበሩ። የቀሩት ወደ አገራቸው ሲመለሱ እንደ አሻንጉሊቷ ሆኑ፤ ከወታደሩ ወገንም አልተቆጠሩም፣ ከሴቶቹም አልተደመሩም። ከእነሱ አንዷ፣ ዳያን ካርልሰን ኤቫንስ፣ የሴቶቹ ሐውልት ይቁም ብላ ወደ ዐሥር ዓመት ከየኮሚቴው ጋር ተሟገተች። ሐውልቱ የተመረቀው በኖቬምበር 11 ቀን 1993 ነው። ሦስት ሴቶችና አንድ ቁስለኛ፤ አንዷ ቁስለኛውን ታቅፋለች፣ አንዷ ወደ ሰማይ ታያለች፣ አንዷ ተንበርክካ ባዶ የራስ ቁር ይዛለች። ቆብ ያደረገች የለችም።

ሰብሳቢዎቹን በተመለከተ ከጓደኞቼ ጋር ስንከራከር «የሥራ ፈት ሀብታም ጨዋታ» የሚል አልጠፋም። እኔ አልስማማም። ከእነዚህ ሰብሳቢዎች መካከል ጡረታ የወጡ ነርሶች አሉ። በአሜሪካ ቀድሞ እያንዳንዱ የነርስ ትምህርት ቤት የራሱ ቆብ ነበረው፤ እጥፋቱ፣ ጥልፉ፣ ጥቁር መስመሩ ይለያያል፤ ቆብ የምትደፋበት ሥነ ሥርዓትም እንደ ምረቃ ይቆጠር ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ቆቡ እየቀረ ሄደ፤ ለሥራ አይመችም፣ ጀርም ይይዛል፣ ወንድ ነርስም አያደርገውም። ብዙዎቹ የሆስፒታል ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። የተማረችበት ትምህርት ቤት ከፈረሰ በኋላ ቆቧን በልኬት አሳንሳ ሰፍታ ለአሻንጉሊት የምታለብስ አሮጊት የታሪክ ሥራ እየሠራች ነው እላለሁ። መዝገብ ቤት የአስተዳዳሪውን ደብዳቤ ያስቀምጣል፣ ቆብ ማን ያስቀምጣል? ቅር የሚለኝ ሌላው ነው፤ ነጩን ቀሚስ ብቻ የሚሰበስበው። በመደርደሪያው ላይ ደም የነካው ሽርጥ የለም፣ ያበጠ እግር የለም፣ ወንድ የለም፣ የደሞዝ ወረቀት የለም።

እስካሁን ያወራሁት ነርስ ስለሆነች አሻንጉሊት ነው። ነርስ ያስተማረችም አሻንጉሊት አለች። በሮድ አይላንድ ግዛት ፓታኬት ከተማ ማርታ ቼዝ የምትባል የሐኪም ሚስት ነበረች። ከ1889 ገደማ ጀምሮ የጨርቅ አሻንጉሊት ትሠራ ነበር፤ ጨርቁን በዘይት ቀለም ስለምትቀባው ይታጠባል፣ ሕፃኑም አይጎዳበትም። የሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ኃላፊ ሎደር ሰዘርላንድ ለሠልጣኞች መለማመጃ የሚሆን በሰው ቁመት የተሠራ አሻንጉሊት ለመነቻት። በ1911 ተሠርታ ደረሰች። መገጣጠሚያዋ ይታጠፋል፤ ሠልጣኞቹ ያገላብጧታል፣ ያጥቧታል፣ ያለብሷታል፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ያነሷታል። «ሚስስ ቼዝ» አሏት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ክንዷ ላይ መርፌ የሚወጋበት፣ ውስጧም ውሃ የሚይዝ ዕቃ ያለባት ተሠራች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በየትምህርት ቤቱ ተኝታ የማትቆጣ በሽተኛ ሆና አገለገለች። በስሕተት ብትወጋ አትጮህም፣ ብትወድቅ አትሞትም። በ1960 ደሞ ኦስሙንድ ላርዳል የተባለ የኖርዌይ መጫወቻ ሠሪ ሕይወት የማዳን ትንፋሽ መስጠት የሚለማመዱባትን አን የምትባል ፕላስቲክ አሻንጉሊት አወጣ። ፊቷ የተወሰደው ፓሪስ ውስጥ ሴን ወንዝ ሰጥማ ከተገኘች ያልታወቀች ልጅ የሞት ጭንብል ነው ይባላል። ሁለቱም መነሻቸው የልጆች መጫወቻ ነው። ማንም ግን ለመደርደሪያ ጌጥ አልገዛቸውም፤ ተሻሽተው፣ ቀለማቸው ተልጦ፣ ተወጋግተው ነው ያረጁት። የነርስነትን ሥራ ከሁሉም አሻንጉሊቶች ይልቅ የሚያውቁት እነሱ ይመስሉኛል።

በኦገስት 2021 ማቴል በኮሮና ዘመን ለደከሙ ስድስት ሴቶች በመልካቸው ባርቢ ሠራ። ሳይንቲስቶችና ሐኪሞች ይበዙባቸዋል፤ ከመካከላቸው አንዷ ግን የብሩክሊኗ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ኤሚ ኦሱሊቫን ነች። አሻንጉሊቷ በዓይነቷ አንድ ብቻ ተሠርታ ለራሷ ለባለቤቷ ተሰጠች። ገበያ ላይ አልዋለችም።